ወንበርማ እኛም ቤት አለ

«ወንበርማ እኛም ቤት አለ!»

ይህን ያለኝ አንድ የድሮ ወዳጄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤፍሬም ሰለሞን ሥራዎች ፊት ቆመናል። ኤፍሬምን ለማታውቁት፣ የእንጨት ሰሌዳ በመሮ እየፈለፈለ፣ ጥቁር ቀለም እያለበሰ፣ አሮጌ ጋዜጣ እየለጠፈ የሚሠራ ሠዓሊ ነው። ከሰሌዳው ላይ አንዴ ባዶ ወንበር ይወጣል፤ አንዴ ነጠላ ጫማ። ወንበሩ ሥልጣን ነው፣ ጫማው ደግሞ ተራው ሰው ነው ይላሉ ሥራውን የሚከታተሉ። ወዳጄ ግን ይህን ሁሉ ለመስማት ትዕግሥት አልነበረውም። «ለዚህ ነው እንዴ ከሥራ አስፈቅደህ ያመጣኸኝ? ወንበርና ነጠላ ጫማማ ቤቴም ሞልቷል። ሥዕል ማለት ሰው ነው፣ ተራራ ነው፤ ቢጠፋ ቢጠፋ እንኳ የሐይቅን ውኃ ማሳየት ነው» አለኝ።

ሰውዬው ያልተማረ መስሏችሁ እንዳትስቁ። ሁለት ዲግሪ አለው። በዚያ ላይ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ከተሁለደሬ የወጣ። እኔ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ካለው የአምባሰል ገጠር ስለሆንኩ በልጅነታችን በውኃና በተራራ እንፎካከር ነበር። ዕዳው ይሄ ነው፤ እንደ እሱ የሚያስቡ የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የኅትመት ጥበብ ሲባሉ «የፈረንጅ ፋሽን» ይላሉ። ኢንስታሌሽን ሲባሉማ ጭራሹን ይስቃሉ። (ለዚህ ለሁለተኛው ቃል እስካሁን የተስማማንበት አማርኛ የለም። እኔ «ድርድር» ብለው ደስ ይለኛል፤ የፖለቲከኞቹን ሳይሆን ዕቃ መደርደሩን ማለቴ ነው።) ዛሬ ለወዳጄም ለእነርሱም የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ጋዜጣው ልጀምር። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ቢሆንም ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ነው። የእኔ ትውልድ የገጠርና የትናንሽ ከተማ ልጅ ይህን አይረሳም። ጭቃው ከተመረገና ከደረቀ በኋላ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ንፋስ ይከለክላል፣ አፈሩ እንዳይራገፍ ይይዛል፣ ቤቱንም ያደምቃል። ለጣፊዋ ፊደል ስለማትቆጥር ግማሹ አዲስ ዘመን ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው። አንገቴን አዙሬ ያነበብኳቸው ዜናዎች ብዙ ናቸው። አንድ ሚኒስትር ነበሩ፤ ስማቸውን አላነሳም፤ ግንባራቸው ላይ ሚስማር ተመትቶ ወንፊት ተሰቅሎባቸው ዓመታት ኖረዋል። ዘመን ሲለወጥ አዲስ ጋዜጣ በላዩ ይደረባል፤ ጭስ ያጠቁረዋል፤ ክረምት ሲመጣ ጥጉ ላይ ርሶ ሲላቀቅ ከደርግ ሥር ጃንሆይ ብቅ ይላሉ። እናቴ ይህን «ታሪክ» ብላ አልጠራችውም። ግድግዳ ነበር። ነገር ግን የሀገሪቱ ታሪክና የአንድ ቤት ጭስ በአንድ ላይ የተጣበቁበት ከዚያ የተሻለ ሰነድ እስካሁን አላየሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዕድሜዬን ብፈጅም።

እንግዲህ ኤፍሬም ጋዜጣ በሰሌዳ ላይ ሲለጥፍ እኔ የሚታየኝ ፓሪስ ሳይሆን ያ ግድግዳ ነው። ወዳጄም እኮ ያደገው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ወንበሩን አይቶ ግድግዳውን ሳያይ መውጣቱ ነው የገረመኝ።

«ኅትመት የፈረንጅ ነው» ለሚሉት ደግሞ ቃሉን ራሱን እንዲጠይቁት ነው የምመክረው። ኅትመትና ማኅተም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ነገሥታቱ ደብዳቤያቸውን በቀለም በተነከረ ማኅተም ሲያትሙ ኖረዋል። ለቅዳሴ የሚጋገረው ኅብስት ላይ መስቀል ይታተማል። የብራና መጽሐፍ ደፋፊዎች ሌጦውን በጋለ ብረት እየጫኑ ሐረግና መስቀል ያወጡበታል፤ ድጉስ የምንለው እርሱን ነው። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ሌላውን ተጭኖ ምልክቱን ጥሎ የሚሄድበት ሥራ ነው። «ሁሉም ነገር ከእኛ ነው የተጀመረው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ያ በሽታ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ዘመናዊው የእንጨት ኅትመት ትምህርት እኛ ዘንድ ሥር የያዘው በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሀንሰን ባሂያ የተባለ ጀርመናዊ መጥቶ አስተምሯል። ከእርሱ ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ ተሸልሟል። መምህሩ ፈረንጅ ቢሆንም የተማሪው እጅ የየት ሀገር እንደሆነ ሥራውን ያየ ያውቀዋል። ከስልሳ ዓመት በላይ የተማርነውን ነገር ዛሬም «እንግዳ» ብሎ በር ላይ ማቆም ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምለው ስለ አንድ ሠዓሊ ለመሟገት አይደለም። ኤፍሬም ጠበቃ አያስፈልገውም። የሚያሳስበኝ ከሐይቅና ከአምባሰል ሰው እጅ ላይ እየወጣ ያለው ነገር ነው።

መጠለያ የሚለውን ቃል አስቡት። ከጥላ ጋር ዘመድ ነው። ሰው ከፀሐይ ይጠለላል፣ ከዝናብ ይጠለላል፣ በሰው ቤት ይጠለላል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ቃሉ ደግ ቃል ነበር። ዛሬ ሐይቅ አካባቢ «መጠለያው» ስትሉ ማንም ዛፍ አይታየውም። ጃሪ ነው የሚታየው፤ «ቱርክ ካምፕ» ነው የሚታየው፤ ሸራና ቆርቆሮ ነው የሚታየው። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ዓመታት የቆጠሩበት ስፍራ ነው። ወደነበሩበት ተመለሱ የተባሉ አሉ፤ ተመልሰው የመጡም እንዳሉ ይነገራል።

ወለጋስ ማን ወሰዳቸው? ይህን የማያውቅ ወጣት ስላለ ልናገር። በ1977ቱ ረኃብ ደርግ ከሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ወሎ የዚያ ጉዞ ዋና መነሻ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። መኪናው ላይ ሲወጡ አይቻለሁ። ምን ይዘው ነበር የሚወጡት? ቁርበት፣ አንድ ቅል፣ ከቻሉ ምጣድ። ወፍጮና መጁ አይነሳም። ድብኝት አይነሳም፤ ከጭቃ ነው የተሠራው፤ ቢያነሡት ይፈርሳል። ምሰሶ ከነጉልላቱ ቀረ። ከዚያ ወለጋ ላይ እንደገና ቤት ሠሩ፣ እንደገና ወፍጮ ተከሉ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሩ፣ ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ። ከዚያም በሰኔ 2014 ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። የተረፈው እግሩ ወዳመራው ሄደ፤ ከፊሉ አያቱ የተነሡባትን ወሎን ፍለጋ መጣ። በዚህኛው ጉዞ ቁርበት እንኳ አልነበረም።

ሰፋሪው ወለጋ ሳለ፣ እዚሁ የቀረውስ? በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ውጫሌንም ሐይቅንም ደሴንም አዳርሷል። የሰው ቤት ተከፈተ። ከቴሌቪዥን እስከ ብረት ድስት ተጫነ። ባለቤቶቹ ሲመለሱ በሩ ክፍት፣ ቤቱ ባዶ፣ ወለሉ ላይ ፎቶግራፍ ተበትኖ ነው የጠበቃቸው።

አያቱ በ1966ቱ ረኃብ ከብቱን ያጣ፣ አባቱ በ1977 ቤቱን የተወ፣ እርሱ በ2014 ባዶ እጁን የመጣ ሰው ዛሬ ሐይቅ ዳር ሸራ ሥር ተቀምጦ ቢሆን፣ ስለ ቤተሰቡ ምን ያሳያችኋል? ይናገራል እንጂ ምን ያሳያል?

እዚህ ላይ ነው ከወገኖቼ ጋር የምጣላው። «ትዝታ አለን!» ይሉኛል። አዎ፣ አለን። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ነው፤ ትዝታንም ብንሆን ወሎዬ ካልተጫወተው አንረካም። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትጫወት እንባ የማይመጣበት ሰው እንደ ድንጋይ ይቆጠራል። እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዘፈን ስንሰማ፣ ስናለቅስ፣ እንባችንን ጠርገን ስንነሳ ዕቃው በሙሉ ከሥራችን ወጣ። ዘፈኑ የማን ቤት እንደፈረሰ አይነግራችሁም፤ አይጠበቅበትምም። ዘፈን ሁሉንም ኀዘን አንድ ላይ አፍልቶ የሁላችንም ያደርገዋል፤ ውበቱም እሱ ነው። ሆኖም ለሁላችንም ሲሆን የማንም ይሆናል። የእገሊት ወፍጮ፣ ቀኝ ጎኑ የተሸረፈው፣ አማቷ የሰጠቻት፣ ለሠርጓ የፈጨችበት፤ ይህ በየትኛው ቅኝት ይገባል? ይህ ዝርዝር ነው። ዝርዝር ደግሞ የሚያዝለት ሰው ይፈልጋል።

በግጥማችን ቋንቋ ስንኝ የሚያልቀው ቤት በመምታት ነው። የሚጋጠመውን ፊደል «ቤት» ብለው የሰየሙት የጥንት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ ተማሪዎቼን እጠይቃቸው ነበር። እኔ እስከዛሬ መልስ የለኝም፤ ነገር ግን ቤት የሌለው ስንኝ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ደግሞስ በከተማ የምናየውን «ባህላዊ» ነገር ምን እንበለው! አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሆቴል ገብታችሁ ጥግ ላይ የሣር ጎጆ ትሠራለች። ውስጧ መሶብ፣ እንስራ፣ በርጩማ፣ ግድግዳዋ ላይ ያልታረሰበት ሞፈር። አንዱን አስተናጋጅ «ይህ እንስራ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ከመርካቶ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው፤ ለዚህ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ውኃ ነክቶት አያውቅም። ይህንን ስናይ ማንም «ምኑ ነው ጥበብ?» አይልም። እናደንቃለን፣ ፎቶ እንነሣለን። ማንም ያልኖረበት ጎጆ ውስጥ ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ «ባህል» ይባላል፤ ሰው የኖረበትን ዕቃ አምጥቶ የደረደረ ሠዓሊ ግን «እብድ» ይባላል። በዚያው ከተማ ፒያሳ ላይ ሰው የኖረባቸው ቤቶች በ2016 በሳምንታት ውስጥ ሲነሱ፣ ከመፍረሳቸው በፊት በሮቹን፣ የመስኮት ፍርግርጎቹን፣ የደረጃ መደገፊያዎቹን መዝግበው ያስቀሩት ስንት ናቸው?

ዓለም ይህን ጥያቄ እንዴት እንደጠየቀው ባጭሩ ላንሳ። ራሄል ዋይትሪድ የምትባል እንግሊዛዊት ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1993 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ሊፈርስ የተቃረበ የሠራተኞች ሰፈር ቤት አገኘች። ውስጡን በሙሉ በኮንክሪት ሞላችው፤ ከዚያ ግድግዳውን አነሣች። የቀረው የቤቱ አየር ነው፤ ሰው ሲመላለስበት የነበረው ባዶ ቦታ ድንጋይ ሆኖ ቆመ። የእሳት ምድጃው፣ የበር እጀታው፣ ሁሉም ተገልብጦ ታተመበት። ከተማው ተጣላበት፤ ወዳጄን የመሰሉ ብዙዎች «ይህ ምኑ ነው?» አሉ፤ በጥር 1994 አፈረሱት። ዶሪስ ሳልሴዶ የተባለች ኮሎምቢያዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢስታንቡል ውስጥ በሁለት ሕንፃዎች መሃል ባለ ባዶ ቦታ 1,550 የእንጨት ወንበሮች ቆለለች። ወንበርማ ኢስታንቡልም ቤት አለ። ግን ያንን ቁልል ያየ ሰው «የተቀመጡባቸው የት ሄዱ?» ሳይል ማለፍ አይችልም። የእሷ ሀገር በተሰወሩ ሰዎች የተሞላ ነውና ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

የእኛም ሀገር ሰዎች አሉ። ኤልያስ ስሜ ከምናለሽ ተራ የተጣለ ቁልፍ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እየለቀመ የሠራቸውን ያየ ዓለም ተደንቋል። እርሱና መስከረም አሰግድ በ2011 የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው። የሀገሬ አናጢና መራጊ ያውቀው የነበረ፣ በብሎኬት ዘመን «የድሃ» ተብሎ የተናቀ ዕውቀት ነው። እዚያ ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ነካሁት፤ ዘበኛው በክፉ ዓይን አየኝ እንጂ።

ወደ ወሎ ልመለስ። ሙዚየም የሚባለውን ነገር ተመልከቱ። ደሴ ሙዚየም፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው፣ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ኀዘኑ አልወጣልኝም። ግን ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። ሙዚየሞቻችን የሚሰበስቡት የሹም ጎራዴና የሹም ካባ ነው። ከመቅደላ በ1860 ስለተዘረፈው ቅርስ ስንጮህ ኖረናል፤ መጮህም ይገባናል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ በ2011 ከለንደን ሲመለስ ደስ ብሎኛል። ታቦታቱ እስኪመለሱም ጩኸቱ አይቁም። ነገር ግን መቅደላ ያለችው ወሎ ውስጥ ነው፤ በዚያው በወሎ ተራ ሰው ያጣውን ዕቃ የሚጠይቅለት አንድም ድምፅ አልሰማሁም። የንጉሥ ፀጉር ቅርስ ነው፤ የገበሬ ቁልፍ ግን ቁርጥራጭ ብረት ነው! ውጫሌ ስትባል ለሁላችንም ትዝ የሚለን አንቀጽ 17 ነው። ግሸን ስትባል መስከረም 21 እና ግማደ መስቀሉ። የውጫሌ ቤት በር ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ፣ የማሳያችሁ ነገር ከእናቴ አፍ ከሰማሁት ውጭ የለኝም።

ይህን የምለው አካባቢው መመዝገብ የማያውቅ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ባላስቆጨኝ። ሐይቅ እኮ የዝርዝር ሀገር ነበረች! አባ ኢየሱስ ሞዓ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን መካከል ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል ካደረጉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1280 አካባቢ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም አለ። የእርሳቸው ሥዕል አለበት። ከሥዕሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በዚያው ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር መጻፉ ነው። በሀገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ቀደምቱ ነው ይባላል። ይህና ይህ መጽሐፍ አለን፤ ተቆጥሯል፤ ይታወቅልን። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስንቱ መጽሐፍ ጠፋ፤ ነገር ግን መኖሩን እናውቃለን፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ቀለም ነክሮ ጻፈው። ከዚያ ገዳም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሸራ ሥር ለተቀመጠው ሰው ግን የጠፋውን የጻፈለት የለም። ስሙ ተመዝግቧል፤ የቤተሰቡ ብዛት ተመዝግቧል፤ ስንት ኪሎ ስንዴ እንደሚገባው ተመዝግቧል። ምን እንዳጣ አልተመዘገበም።

«ይኸውልህ፣ ሰው ሲራብ አንተ ሥዕል ታወራለህ» የሚለው ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። መጥቶብኛልም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ለተፈናቃዮች የኅትመት ሥራ አንድ ክፍል እንዲፈቀድ ስጠይቅ ኃላፊው በጨዋነት አዳመጡኝና «ጋሼ፣ ስንዴ ሳይደርስ ቀለም?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስንዴው ይቅደም፤ ማንም አልተከራከረም። ግን ስንዴው በደረሰባቸው ወራትስ ቀለሙ መጣ ወይ? ስንዴ የሚያስፈልገው ሰው ነገ ካሣ ያስፈልገዋል፣ ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል፣ ለልጁ የሚያወርሰው ያስፈልገዋል። ንብረት ጠፋብኝ ሲል «ማስረጃህን አምጣ» የሚባለው እርሱው አይደለም እንዴ? የቤቱን ካርታ፣ ደረሰኙን፣ ምስክሩን። ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በቀለም ያተመለት ሰው ቢኖር ያ ወረቀት ለዳኛ ባይበቃ ለልጁ ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ የኅትመት ጥበብ ከሌላው ሥዕል የሚለይበት ነገር አለ፤ ወዳጄ ያላየው። ዘይት ቀለም አንድ ነው፤ የገዛው ሰው ወስዶ ሳሎኑ ይሰቅለዋል። ኅትመት ግን ከአንድ ሰሌዳ ሃያ ይወጣል፤ ሃያውም እኩል ነው፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይፈረምበታል። አንዱ ለባለቤቷ፣ አንዱ ለገዳሙ ወይም ለመስጊዱ፣ አንዱ ለደሴ፣ አንዱ ለአዲስ አበባ። ደሴ ሙዚየም በ2014 ሲዘረፍ አንድ ብቻ የነበረው ሁሉ ሄደ። ሃያ ቦታ ያለውን ነገር ማን ይዘርፋል?

ሌላም አለ። ሰሌዳ ሲቀረጽ ቀለም የሚይዘው ያልተነካው ነው፤ በመሮ የተወሰደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከወረቀቱ ላይ የምታዩት የቀረውንም የጠፋውንም ነው፤ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ውጭ አይታዩም። ለተፈናቀለ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥነ ጥበብ ካለ ንገሩኝ።

ለሠዓሊዎቻችንም የምለው አለኝ፤ እነርሱም ነፃ አይደሉም። ካሜራና የስዕል ደብተር ይዛችሁ ሁለት ቀን መጠለያ ውስጥ ቆይታችሁ፣ የአንዲት እናት የተቀደደ ሻርፕ «ገዝታችሁ»፣ ዱባይና ለንደን ነጭ ግድግዳ ላይ በመብራት አሳምራችሁ የምትሰቅሉ፣ ያ ዕቃ የማን ነው? ስሟ በሥራው ሥር አለ? ገንዘቡ ደርሷታል? ወይስ «ያልታወቀች ሴት» ሆና ቀረች? የሰው መከራ ጥሬ ዕቃ አይደለም። ከሠፈሩ ወስዶ አለመመለስ ከዘራፊው የሚለየው በጨዋ ልብስ መሆኑ ብቻ ነው። የምትሠሩ ከሆነ እዚያው ሥሩ፤ መሮውን ለልጆቿ ስጧቸው፤ የመጀመሪያው ኅትመት የእርሷ ይሁን።

ሌላው ደግሞ የወሎ ምሁራን ናቸው፤ እኔን ጨምሮ። ስለ ወሎ ፍቅር፣ ስለ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መኖር፣ ስለ ወዳጃው ስንናገር አፋችን አይደክምም። ወዳጃው የት ነው የሚደረገው? ቤት ውስጥ ነው። መደብ ላይ ነው። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ እጣን ማጨሻው፣ ዱዓው ሲደረግ የሚዘረጋው ሰሌን፤ አብሮ መኖር የምንለው ነገር የሚቀመጥባቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። ሰሌኑ ከሌለ እንግዳው የት ይቀመጣል? ሐይቅ መጠለያ ውስጥ ሸክላ ሠሪ አግኝተው ጀበና የገዙ ሴቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ከምግብ ቀንሰው ነው። ያ ጀበና ሲታይ ለኃላፊው «ቅንጦት» ይመስለዋል። ለእኔ ቤት የመሥራት የመጀመሪያው ድንጋይ ነው።

ለሚመለከታቸው ሁሉ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል። በሯ ክፍት፤ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፤ መደርደሪያ። ሰው ከቤቱ ይዞት የወጣውን፣ ያ ከሌለ የሚያስታውሰውን ይዞ ይምጣ። ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ የልጅ ጫማ፣ የተማሪ ደብተር፣ የግድግዳ ጋዜጣ ቁራጭ። ዕቃው ላይ ቀለም ይቀባ፤ ወረቀት ይጫንበት፤ ከሥሩ ባለቤቱ በገዛ ቃሉ የሚለው ይጻፍ፤ ተርጓሚም አርታኢም አይግባበት። ዕቃ ያልያዘው ሰው ይናገር፤ የሰፈሩ ልጅ ይቅረጽለት። ዓመቱ ሲሞላ ኅትመቶቹ በዚያው ክፍል ይደርደሩ፤ ባለሥልጣን ይጋበዝ፣ ባለቤቶቹ መጀመሪያ ይግቡ።

«ማተሚያ ማሽን ከየት ይመጣል?» የሚለውን ሰበብ ደግሞ ከወዲሁ ልዝጋው። የእንጨት ኅትመት ማሽን አይፈልግም። የተላገ ጣውላ ከደሴ አናጢ ይገኛል። መሮው እርሱው ዘንድ አለ። የማተሚያ ቀለም በቆርቆሮ ይሸጣል። ወረቀቱ ቀለም ከተቀባው ሰሌዳ ላይ ከተኛ በኋላ በማንኪያ ጀርባ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።